ለቤዝ ተሠርቶ ሊድ ጊታሪስቶች የወሰዱት አምፕ

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

በዓለም ላይ ጊታሪስቶች እጅግ ከሚያከብሯቸው አምፕሊፋየሮች አንዱ ፊቱ ላይ የተጻፈበት ስም «ቤዝማን» ነው። የቤዝ ሰው ማለት ነው። የተሠራው ለቤዝ ተጫዋች ነው፤ ለገበያ የቀረበውም ለቤዝ ተጫዋች ነበር። ዛሬ ግን ያንን አምፕ በውድ ዋጋ አሳዶ የሚገዛው ሊድ ጊታሪስት ነው፤ ቤዝ ተጫዋቹ ዞር ብሎም አያየውም። ከዚህም አልፎ ያ የሮክ ጊታር ድምፅ ብለን የምናውቀው የሚጮኸውና የሚሰነጠቀው ድምፅ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር እዚህ የቤዝ ሳጥን ጋ ይደርሳል።

ይህን የማነሣው ለወሬ ያህል አይደለም። ቤዝ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከተማሪዎቼ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ «ቲቸር፣ ቤዙን የጊታር አምፕ ላይ ብሰካው ምን ችግር አለው?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ጥያቄ ሳይሆን እምነት ነው፦ «የቤዝ አምፕ ማለት ትልቅ የጊታር አምፕ ማለት ነው» የሚል። አይደለም። ሁለቱ ከአንድ ቤት ወጥተው የተለያዩት በጉልበት ብቻ አይደለም። በዋናነት የተለያዩት በአንድ ነገር ላይ በያዙት አቋም ነው። ድምፁ ሲሰነጠቅ፣ ማለትም ዲስቶርሽን የምንለው ነገር ሲመጣ፣ ቤዙ «ውጣልኝ» አለው፣ ጊታሩ «ግባ፣ ተቀመጥ» አለው። ዛሬ በሁለቱ አምፖች ፊት ላይ የምታዩት ልዩነት አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ነገሩ የሚጀምረው ካለመሰማት ነው። በ1930ዎቹ የአሜሪካ ትልልቅ የጃዝ ባንዶች ውስጥ አንድ ረድፍ ሰው ትራምፔት፣ አንድ ረድፍ ትሮምቦን፣ አንድ ረድፍ ሳክስፎን ይነፋል። ጊታሪስቱ እዚያ መሐል ተቀምጦ ይከረክራል፤ የሚሰማው ግን ጎኑ ያለው ሰው ብቻ ነው። ሪከንባከር በ1932 ኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አወጣ። በ1939 ቻርሊ ክርስቲያን ከቤኒ ጉድማን ጋር መጫወት ሲጀምር ደግሞ ጊታር እንደ ሳክስፎን ፊት ወጥቶ ሶሎ የሚጫወት መሣሪያ መሆኑ ታየ። አምፖቹ ያኔ የሬዲዮ የቅርብ ዘመዶች ነበሩ፦ ጥቂት ቲዩብ፣ አንድ ስፒከር፣ ጀርባው ክፍት የሆነ የእንጨት ሳጥን። ቲዩብ ስለሚሞቅ አየር ይፈልጋል፤ ክፍት ሳጥን ደግሞ ለመሸከምም ይቀላል። ለጊታር ይህ በቂ ነበር። እስካሁንም አብዛኛው ትንሽ የጊታር አምፕ ጀርባው ክፍት ነው፤ ገልብጣችሁ እዩት።

ቤዙስ? ቤዝ ያኔ ኮንትራባስ ነው፦ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ታክሲ ውስጥ የማይገባ፣ እንዲያም ሆኖ ከነፋሾቹ ኋላ የማይሰማ። ኤቨረት ኸል የተባለ ሙዚቀኛ በ1940ዎቹ አጋማሽ ኮንትራባሱ መሬት ላይ በሚቆምበት እግር ውስጥ ማይክሮፎን ደብቆ አስገባ። ያ እግር በእንግሊዝኛ «ፔግ» ይባላል፤ «አምፕሊፋይድ ፔግ» ብሎ ጠራው፣ ሲያጥር «አምፔግ» ሆነ። ኸል የጃዝ ሰው ነው፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ጆሮው አይወድም። ሮክ ገበያውን ካጥለቀለቀ በኋላ እንኳ አምፖቹ ንጹሕ እንዲሆኑ ነው የሚለፋው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

በሌላው የአሜሪካ ጫፍ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በምትባል ከተማ፣ ሊዮ ፌንደር የተባለ ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። ሊዮ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ይህ ሁሌም ይገርመኛል፤ ምናልባትም የረዳው እሱ ነው፣ ራሱን ሳይሆን ሙዚቀኞቹን ነበር የሚሰማው። በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን አወጣ፦ እንደ ጊታር ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል፣ ፍሬት ያለው ቤዝ። ፍሬት ስላለው ጣታችሁ ትንሽ ብትስትም ኖታው ትክክል ይወጣል፤ «ፕሪሲዥን» ያለውም ለዚህ ነው።

ግን ይህ እንጨት ብቻውን ድምፅ የለውም። ኮንትራባስ ሆድ አለው፣ ያለ መብራት ይጮኻል። ፕሪሲዥን ቤዝ ያለ አምፕ ጣውላ ነው። ስለዚህ ሊዮ በ1952 አምፑን አስከተለ፤ ስሙን ቤዝማን አለው። አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር፣ ከ30 ዋት በታች ጉልበት።

እዚህ ጋ ቆም ብለን ፊዚክሱን እንየው፤ ያለ እሱ ቀጣዩ ታሪክ አይገባም።

የጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ ወደ 82 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። የቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ጊዜ። አንድ ኦክታቭ ወረደ ማለት ነው። «ግማሽ ነው፣ ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ስፒከሩ ላይ ነው። ያው ስፒከር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ በዚያው ኃይል አየሩን እንዲገፋ ከፈለጋችሁ ወረቀቱ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ መሆን አለበት። ሁለት አይደለም፣ አራት። በዚያ ላይ ጆሯችን ራሱ ለወፍራም ድምፅ ሰነፍ ነው፤ ቤዙ ከጊታሩ እኩል እንዲሰማን ከእኩል በላይ መገፋት አለበት። የጊታር ስፒከር ደግሞ ወረቀቱ ቀላል፣ እንቅስቃሴው አጭር ሆኖ የተሠራ ነው። ቤዝ ሰክታችሁ ድምፁን ስትጨምሩበት ወረቀቱ ከአቅሙ በላይ ይዘላል፤ ኋላው ላይ ያለው ኮይል ከማግኔቱ መሐል እየወጣ ይመታል፣ ይፈጫል፣ ወይ ይቃጠላል። ያ «ጥርርር» የሚለው ድምፅ የስፒከሩ ልመና ነው።

ክፍት ጀርባም ሌላ ጣጣ አለው። ከሰል ስታራግቡ አስተውላችሁ ከሆነ ማራገቢያውን ቶሎ ቶሎ ስታደርጉት ነፋስ ይሰጣል፤ ቀስ ስታደርጉት አየሩ በጠርዙ ዞሮ ያመልጣል፣ እሳቱ ምንም አይሰማው። ስፒከርም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ወደፊት ሲገፋ ከኋላው ይስባል። በቀጭን ድምፅ እንቅስቃሴው ፈጣን ስለሆነ አየሩ ዞሮ ለመድረስ ጊዜ የለውም። በወፍራም ድምፅ ግን ከፊት የተገፋው ከኋላ ከተሳበው ጋር በጎን ተገናኝቶ ይጣፋል። በክፍት ሳጥን ውስጥ ቤዝ ራሱን በራሱ ይበላል ማለት ነው።

በኋላ አራት ስፒከር የያዘው ቤዝማን ደግሞ ከጀርባው ክፍት ነበር! ስለዚህ አምፑ ከራሱ ሥራ ጋር ይጣላል። በ1950ዎቹ አጋማሽ አንዱ 15 ኢንች ወጥቶ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ገቡ፤ ሸክሙን አራቱ ይካፈሉት ተብሎ ነው። ሰርኪዩቱም በየጊዜው ተሻሻለ፤ በ1958 ገደማ የመጣውና ጊታሪስቶች «የ59 ቤዝማን» የሚሉት ሞዴል ባለሙያዎች ዘንድ «5ኤፍ6-ኤ» በሚል ቁጥር ይታወቃል። የቤዝ ጉዳቱ ግን አልዳነም። ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ የቤዝ ወፍራም ኖታ ሲሰነጠቅ ደግሞ ጭቃ ነው የሚሆነው፣ የቱ ኖታ እንደሆነ እንኳ አይለይም።

በዚያው አምፕ ላይ ጊታር ሲሰካ ግን ሌላ ነገር ተፈጠረ። ቲዩብ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ የድምፁን ማዕበል በአንዴ አይቆርጠውም፤ ጫፉን እያጠጋጋ ይጨፈልቀዋል። ከዚያ የሚፈጠሩት ተጨማሪ ድምፆች ጊታሩ ላይ ሥጋ ይጨምራሉ፤ አንዱ ኖታ ረዝሞ ይዘፍናል፣ እንደ ሰው ድምፅ ይሻክራል። አራቱ ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ደግሞ ለጊታር የልብ አድርስ ነበሩ። የብሉዝ ተጫዋቾች ገቡበት፤ በዚህ አምፕ ከሚታወቁት አንዱ በዲ ጋይ ነው። ለቤዙ ጉድለት የሆነው ለጊታሩ ጸጋ ሆነ፤ አምፑም ሳይታወቀው ባለቤት ቀየረ።

አሁን ወደ ለንደን እንሻገር፤ ቤዝማን ልጅ የወለደው እዚያ ነውና።

ጂም ማርሻል ድራመርና የድራም አስተማሪ ነበር። በ1960 ምዕራብ ለንደን፣ ሀንዌል በሚባል ሰፈር የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። የድራም ተማሪዎቹ የባንድ ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጊታሪስቶቹ የሚጠይቁት ደግሞ የፌንደር አምፕ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ያኔ በእንግሊዝ ውድ ነው። (ይህን ችግር እኛ ጋ ማስረዳት አያስፈልገኝም።) ማርሻል የሱቁን ቴክኒሽያን ኬን ብራንን እና ዱድሊ ክሬቨን የተባለውን ወጣት የኤሌክትሮኒክስ ልጅ ይዞ የራሱን አምፕ አሠራ። ከፊታቸው ያስቀመጡት ናሙና ምን ይመስላችኋል? ያው የቤዝማኑ 5ኤፍ6-ኤ። ሰርኪዩቱን ከሞላ ጎደል እንዳለ ወሰዱት፤ በአሜሪካኖቹ ፈንታ እንግሊዝ ውስጥ የሚገኙትን ቲዩቦችና ትራንስፎርመሮች ተጠቀሙ፤ ስፒከሩን ደግሞ ለብቻው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አደረጉት፣ አራት ባለ 12 ኢንች። ጄቲኤም 45 ተባለ፤ «ጄ» ጂም፣ «ቲ» ልጁ ቴሪ፣ «ኤም» ማርሻል።

የቲዩቡ፣ የትራንስፎርመሩና የሳጥኑ ለውጥ ድምፁን የበለጠ ሻካራና ቁጡ አደረገው። በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዮል ባንድ ጋር ሲቀዳ የማርሻል አምፑን ድምፅ በጣም ከፍ አድርጎ ተጫወተ፤ የዚያ አልበም የጊታር ድምፅ ለሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት የሮክ ጊታሪስቶች ሁሉ መነሻ ሆነ። ፌንደር ንጹሕ ቤዝ ፈልጎ የሠራው ሰርኪዩት ለንደን ደርሶ የተሰነጠቀ ጊታር አባት ሆነ።

የሚገርመው ሌላ ነገር፦ የመጀመሪያዎቹ የማርሻል ሞዴሎች «ሊድ» እና «ቤዝ» ተብለው ሲሸጡ የውስጣቸው ልዩነት በጣም ጥቂት ካፓሲተሮች ብቻ ነበር። ሊዱ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ካፓሲተር አለው፤ ቤዙ ላይ የለም። በቃ። ያኔ ሁለቱ መንትያ ነበሩ።

ጊታሩ በዚህ ሲጨፍር ቤዝ ተጫዋቹ ምን ይዞ ነበር? ብዙዎቹ ምንም። በሰኔ 1962 ቢትልስ ለመጀመሪያ ጊዜ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲገቡ የፖል ማካርትኒ ቤዝ አምፕ ድምፅ ለቀረጻ የማይሆን ነበር፤ የስቱዲዮው ቴክኒሽያኖች ከራሳቸው ክፍል ትልቅ ስፒከርና አምፕሊፋየር አምጥተው ነው ያዳኑት። በኋላ ዓለምን ያዞረው ቤዝ ተጫዋች እንኳ አምፑ እንደዚህ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ስሙን ያዙልኝ ካልኳችሁ ቤት ነው። አምፔግ በ1960 ፖርታፍሌክስ ቢ-15ን አወጣ፤ ንድፉ የጄስ ኦሊቨር ነው። 15 ኢንች ስፒከር፣ ጉልበቱ 25 ዋት ገደማ። ከመጀመሪያው ቤዝማን ጋር በቁጥር ስታስተያዩት ምንም አልጨመረም። የተለወጠው ሳጥኑ ነው። የተዘጋ ነው፤ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ተለክቶ የተበጀለት፣ የስፒከሩ የኋላ ድምፅ የፊቱን እንዳያጠፋ ይልቁንም እንዲያግዘው የታሰበበት። ቲዩቦቹ ያሉበት ክፍል ደግሞ በክዳኑ ላይ ተሰክቶ ይገለበጣል፦ ሲጫወቱ ከላይ ይቆማል፣ ሲሸከሙት ወደ ውስጥ ይገባል። ለእኔ የቤዝ አምፕ እንደ ራሱ ነገር የተወለደው ያን ቀን ነው። «ቤዝ ማለት ሳጥን ነው» ብዬ ክፍል ውስጥ ስጮህ የነበረው ለዚህ ነው፤ የሰለቻችሁም አላችሁ፣ አውቃለሁ።

ቢ-15 የስቱዲዮ ንጉሥ ሆነ። የሞታውኑ ጄምስ ጄመርሰንም ተጫውቶበታል። ሞታውን ስቱዲዮ ውስጥ ግን የጄመርሰን ቤዝ በማይክሮፎን ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ይገባ ነበር። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ዛሬ በየቤዝ አምፑ ጀርባ ላይ የምታዩትን «ዲአይ» የሚባል መውጫ ትርጉም የምትነግራችሁ ግን እሷ ናት። ቤዝ ስፒከር ሳይነካው ቀጥታ ቢቀዳ ሙሉ ነው፤ ምንም አይጎድለውም። የተሰነጠቀ ጊታርን በዚያው መንገድ ሚክሰር ላይ ብትሰኩት ግን በጣሳ ውስጥ የታሰረ ንብ ነው የሚሆነው። ለምን? የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ሄርዝ በላይ ያለውን ቶሎ ይጥለዋል፤ የዲስቶርሽኑን መርዝ የሚያጣራው ያ ነው። የጊታር ስፒከር የመሣሪያው አንድ አካል ነው፤ ያለ እሱ ጊታሩ አላለቀም። ስለዚህ ሳውንድ ማን የሆናችሁ ልጆቼ፣ ጊታር አምፕ ፊት ማይክ ትተክላላችሁ፤ ከቤዝ አምፕ ግን ገመድ ትወስዳላችሁ። ሁለቱን አንድ ዓይነት የሚያደርግ ሰው ሲገጥመኝ ዝም ማለት አልችልም።

ከዚያ አዳራሹ ሰፋ፣ ከዚያ ስታዲየም መጣ። በ1969 አምፔግ ኤስቪቲ የሚባለውን አውሬ አወጣ። 300 ዋት፣ ሁሉም በቲዩብ፤ ሄዱ ብቻውን 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከሱ ጋር ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር የታጨቀበት፣ ፍሪጅ የሚያክል የተዘጋ ሳጥን። በዚያው ዓመት ሮሊንግ ስቶንስ የአሜሪካ ዙር ኮንሰርታቸውን የሠሩት በመጀመሪያዎቹ ኤስቪቲዎች ነው፤ ቤዙን ብቻ ሳይሆን ጊታሮቹንም ሰክተውበታል። 300 ዋት ለምን አስፈለገ? ለጩኸት ብቻ አይደለም። ጊታሪስት 30 ዋት ይዞ ሲሰነጠቅ ደስ ይለዋል፤ ቤዝ ተጫዋች ክሩን በኃይል በመታበት ቅጽበት አምፑ ሳይሰነጠቅ እንዲያልፈው ትርፍ ጉልበት ማስቀመጥ አለበት። የቤዝ ዋት አብዛኛው መጠባበቂያ ነው። «50 ዋት የጊታር አምፕ ድራሙን ይውጠዋል፣ 50 ዋት የቤዝ አምፕ ግን አይሰማም» የምትሉት ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ፈጽሞ ተለያየ፤ ትራንዚስተር ሲመጣ በደንብ ታየ። ትራንዚስተር እስከ አቅሙ ድረስ ንጹሕ ነው፤ ካለፈ በኋላ ግን ማዕበሉን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል፣ ጆሮ ይወጋል። ቤዝ ተጫዋቹ እዚያ ድረስ መሄድ ስለማይፈልግ «እሰየው፣ ቀለለልኝ» ብሎ ተቀበለው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አኩስቲክ 360ን የመሰሉ ትራንዚስተር የቤዝ አምፖች መድረኩን ያዙ፤ ጃኮ ፓስቶሪየስ የታወቀበት እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ 500 ዋት የሚሰጥ ሄድ በትከሻ ቦርሳ ይያዛል፣ ሦስት ኪሎ የማይሞላም አለ። ጊታሪስቱ ግን አሁንም የ1959ኙን ቲዩብ ሙጥኝ እንዳለ ነው። ፌንደር በ1990 ያንን የድሮ ቤዝማን እንደገና መሥራት ሲጀምር ይዘው የሮጡት ጊታሪስቶች ናቸው። እንደ እኔ እምነት በሙዚቃ መሣሪያ ዓለም እንደ ጊታሪስት ወግ አጥባቂ የለም፤ ፀጉሩን ያሳድጋል እንጂ አምፑን አይለውጥም።

የቀሩትን ልዩነቶች በዚህ ዓይን ካያችኋቸው ራሳቸው ይናገራሉ። የጊታር አምፕ ላይ ሪቨርብ አለ፤ ፌንደር በ1963 ቫይብሮቨርብን ሲያወጣ ሪቨርቡን ውስጡ አብሮ አስገባው፣ ከዚያ ወዲህ የጊታር አምፕ መለያ ሆነ። ቤዝ ላይ ሪቨርብ የለም ማለት ይቻላል፤ ወፍራም ድምፅ አዳራሹ ራሱ አንጠልጥሎ ያቆይልሃል፣ ሌላ ከጨመርክበት ኖታ ከኖታ ይጋባል። በሱ ፈንታ የቤዝ አምፕ ኮምፕረሰር አለው፤ በጣት የዳሰስከውንና በአውራ ጣት በጥፊ የመታኸውን እያቀራረበ ስፒከሩንም ይጠብቃል። ጊታሩ አይፈልገውም፤ ሲሰነጠቅ ራሱን በራሱ ኮምፕረስ ያደርጋልና። የቤዝ አምፕ የድምፅ ማስተካከያ ማዞሪያዎቹ ብዙ ናቸው፤ የጊታሩ ሦስት ናቸው፣ ከዚያ ይልቅ ሁለት ቻናልና ጌን የሚባል ነገር አለው፤ አንዱ ንጹሕ፣ አንዱ የተሰነጠቀ። የቤዝ ሳጥን ላይ ደግሞ ትንሽዬ ትዊተር ታገኛላችሁ። በላሪ ግራሃም የተጀመረው በአውራ ጣት የመምታት አጨዋወት ሲስፋፋ ቤዝ ቀጭን ድምፅም እንዳለው ታወቀ፣ በ1980ዎቹ ትዊተር ያላቸው ሳጥኖች መጡ። የጊታር ሳጥን ላይ ትዊተር ብትገጥሙ ያ ንብ ይመለሳል።

ሕግ ሁሉ አፍራሽ አለው። የሞተርኸዱ ሌሚ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ የማርሻልን «ሱፐር ቤዝ» አምፕ ይዞ እስኪሰነጠቅ ድረስ እየነዳ ዕድሜ ልኩን ተጫወተ። ግን እሱም የተሰነጠቀውን የሚያሰማው በመሐለኛው ድምፅ ነው፤ የቤዙን ወፍራም ወገን ለሌላው ትቶ። ልሞክር የምትሉ ይህን አትርሱ።

አሁን ወደ እኛው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንድ ቤዝን አከርካሪው አድርጎ የያዘ ነው። የአይቤክስና የሮሃ ባንድን ሥራዎች በደህና ስፒከር ስሙና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ተከተሉ፤ ዘፈኑን የሚያራምደው ማን እንደሆነ ይገባችኋል። በደህና ስፒከር ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙዎቻችን እነዚያን ካሴቶች የሰማናቸው መዳፍ በምታክል የቴፕ ስፒከር ነው፤ እሷ ደግሞ የቤዝን ወፍራም ድምፅ ማውጣት አትችልም። የሰማነው የቤዙን ጥላ ነው። ዘፋኙን፣ ኪቦርዱን፣ ሳክስፎኑን እያስታወስን ቤዝ ተጫዋቹን ስሙን እንኳ የማናውቀው አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ዛሬም በየቸርቹ፣ በየሠርግ አዳራሹና በየልምምድ ክፍሉ ታሪኩ አልተለወጠም። ገንዘብ ሲገኝ አንድ አምፕ ይገዛል፤ የጊታር ነው። ቤዙ እዚያው ላይ ወይም ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሞኒተር ላይ ይሰካል። ስፒከሩ ማጉረምረም ሲጀምር «ቤዝ፣ ቀንስ!» ይባላል። የሚያናድደኝ የስፒከሩ መቃጠል አይደለም፤ ስፒከር ይገዛል። የሚያናድደኝ እጅ ሲበላሽ ነው። ወፍራሙ ክር የማይሰማው ልጅ ክሩን በኃይል መደብደብ ይጀምራል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ሳያውቀው ወደ ቀጭኖቹ ክሮች ይወጣል፣ ራሱን የሚሰማው እዚያ ብቻ ነውና። ሁለት ዓመት እንዲህ ከተጫወተ በኋላ ጥሩ አምፕ ላይ ስታስቀምጡት እጁ ከባድ፣ ኖታው አጭር፣ ታቹ ባዶ ነው። ሰነፍ ተማሪ ሆኖ አይደለም፤ እጁ የተማረው ጆሮው ከሰማው ነው። እንዲህ ሆነው የመጡ ልጆችን እጅ ለማቅናት የፈጀብኝ ጊዜ ስኬል ካስተማርኩበት ይበልጣል።

እና ምን ይሻላል? የቤዝ አምፕ መግዣ ከሌላችሁ የጊታር አምፕ ላይ አትጨምሩበት፤ ዲአይ ቦክስ ፈልጋችሁ ቤዙን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ አስገቡት፣ ባለ 15 ኢንች የአዳራሽ ስፒከር ካለ ከጊታር አምፑ በእጅጉ ይሻለዋል። ቤት ውስጥ ለልምምድ ደህና ጆሮ ማዳመጫ በቂ ነው፤ ወፍራሙን ክር ትሰሙታላችሁ። በተቃራኒው ጊታርን የቤዝ አምፕ ላይ ብትሰኩት ምንም አይቃጠልም፤ ድምፁ ንጹሕና ትንሽ ደብዛዛ ይሆናል፣ ፊቱ ላይ ፔዳል ካደረጋችሁበትማ ያስኬዳል።

ከአሜሪካ አምፕ ለምታስመጡ ደግሞ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ እዚያ መብራቱ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220፤ ብዙው የድሮ ቲዩብ አምፕ በራሱ አይለውጥም፣ ጀርባው ላይ 120 ብቻ ከተጻፈ ያለ ትራንስፎርመር አትሰኩት። ሁለተኛ፣ የቲዩብ ሄድ ስፒከር ሳይሰካበት መበራት የለበትም፤ የራሱን ትራንስፎርመር ያቃጥላል። ትራንዚስተሩ ብዙ ጊዜ ይታገሣል፣ ቲዩቡ ግን አይምርም። ሁለቱንም ሳታዩ ማብሪያውን አትንኩ። የሰውየው «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» ማለት አይበቃም፤ የሞከረው ቨርጂኒያ ላይ ነው።

ፎቶ ያላችሁ፣ በተለይ የድሮ የባንድ አምፕ እቤት ያስቀመጣችሁ፣ ከታች ለጥፉልኝ። የቤዝ ይሁን የጊታር፣ ጀርባውን ጭምር።